ማን ለማን ይቃኝ?

ይድረስ ለወጣት ሙዚቀኞች፤

በቅርቡ አንዲት ወጣት ጊታር ተጫዋች አንድ ጥያቄ ጽፋ ላከችልኝ። ማሲንቆ፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ያለበት ቡድን ከጓደኞቿ ጋር ልታቋቁም መሆኗን ከነገረችኝ በኋላ፣ እኔ በጎልማሳነቴ ቤዝ ጊታር የተጫወትኩበትን አንድ ቅጂ ጠቅሳ፣ «እዚያ ላይ ማሲንቆውና ጊታሩ እንዲህ አንድ የሆኑት እንዴት ነው? የእኛ ማሲንቆ ተጫዋች በስልክ መቃኛ እንዲቃኝ ብናደርገውም ከሁለት ዘፈን በኋላ ከእኛ ይሸሻል» ትላለች። ጥያቄዋ በጎ ነው፤ አጠያየቋም ጨዋ ነው። ሆኖም በምሳሌነት ያነሣችው ቅጂ፣ በሙያ ዘመኔ ከተሳተፍኩባቸው ሥራዎች ሁሉ በሰማሁት ቁጥር ሆዴን የሚያባባው እርሱ ስለሆነ፣ ሁለት መስመር መልስ ጽፌ መገላገል አልሆነልኝም። ሌሎቻችሁም ተመሳሳይ ሥራ ላይ እንደሆናችሁ ስለምሰማ፣ መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ።

ስለ ልምምድ ብዛት፣ ሰዓት ስለ ማክበር፣ መድረክ ላይ ሰክሮ ስላለመውጣት አልጽፍም። ይህን ወላጆቻችሁም ይነግሯችኋል፤ ካልሰማችሁ ደግሞ እኔን አትሰሙም።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ቅጂ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ መውጣት ሲጀምር፣ እኛ በካሴት ጠግበን የተውነው የአዲስ አበባ ሙዚቃ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰሚ አገኘ። ብዙ ሳይቆይ የጃዝ ሰዎች፣ ፐንክ የሚባለው ጯሂና ሻካራ የሮክ ዓይነት ሰዎች፣ በፊት ያልተጻፈ ሙዚቃ መድረክ ላይ እየፈጠሩ የሚጫወቱ ሰዎች ጊታራቸውን ተሸክመው ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ከመጡት መካከል አንድ ትንሽ የሮክ ቡድን ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር ለጥቂት ቀናት ተለማምዶ፣ አንድ ምሽት ዝግጅት እንዲያቀርብና እንዲቀረጽ ታሰበ። እኔ የተጠራሁት ቤዝ እንድጫወት ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ ስለምችልና ቅኝቶቹን፣ ማለትም ዜማዎቻችን የሚሠሩባቸውን የድምፅ አደራደሮች፣ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሥራዬ ከመጫወት ይልቅ ማስተርጎም ሆነ።

ጊታር የምትጫወተው ሴት ቀጭንና ዝምተኛ ነበረች፤ ጊታሯ ግን ዝም የሚል አልነበረም። በክሮቹ መካከል የብሎን መፍቻ ትሰካለች፤ ጊታሩን ወደ አምፕሊፋየሩ አስጠግታ ማይክ ሲጮህ የምንሰማውን ዓይነት ጩኸት ሆን ብላ ትጠራዋለች፤ ከዚያም በእግሯ ፔዳል እየረገጠች ታሳድገዋለች፣ ታሳንሰዋለች። እኛ በሆቴል ባንድ ስናድግ ያ ጩኸት የድምፅ ባለሙያው ጥፋት ነበር፤ ሲሰማ ሰው ሁሉ ዞሮ እርሱን ያየዋል። እርሷ ግን ልክ እንደ አንድ የዜማ ድምፅ ከፍታውን መርጣ ትይዘዋለች።

ማሲንቆ ተጫዋቹ በዕድሜ የገፉ፣ ከጎንደር በኩል የመጡና ካዛንቺስ በነበሩት አዝማሪ ቤቶች ብዙ ሌሊት ያነጉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ በሕይወት ስለሌሉ ጠይቄ ማስፈቀድ አልችልም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ኮታቸውን ሳያወልቁ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ጊታሩን ለረጅም ጊዜ አዳመጡና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ሣጥን ማንን ነው የሚሳደበው?» አሉኝ። ተረጎምኩላት። ጊታሯን ሳታስቀምጥ «እኔን ነው በላቸው» አለችኝ። ሽማግሌው መልሱን ወደዱት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ በእኔ በኩል ሳያልፉ እየተያዩ መሳቅ ጀመሩ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝግጅቱን የሚመራው ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ማቀድ የሚወድ ነበርና፣ ዘፈኖቹ እያንዳንዳቸው ስንት ደቂቃ እንደሚወስዱ፣ ማሲንቆው በስንተኛው ምት ገብቶ በስንተኛው እንደሚወጣ ወረቀት ላይ አስፍሮ መጥቷል። ከኪሱም አንድ የኤሌክትሪክ መቃኛ አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጣቸው። ድምፁ ልክ ሲሆን አረንጓዴ መብራት የሚያበራው ዓይነት ነው። ሽማግሌው መሣሪያውን ገልብጠው አዩት፤ ማሲንቆውን በጉልበታቸው ላይ አስተካክለው አንዴ ገዘገዙና፣ እስኪሪብቶ ያልያዘ ሰው ሁሉ የረሳውን ይህን ግጥም ጣሉ፦

ጆሮ ሥራ ፈትቶ ዓይን ሆኖ ዳኛ፣
አምፖል ተሾመና የጭራ መቃኛ።

ሁላችንም ሳቅን፤ አዘጋጁም ትርጉሙን ሰምቶ ሳቀ። ይሁንና መቃኛው ከሽማግሌው ጉልበት ላይ አልተነሣም።

እዚህ ላይ ለጥያቄዋ መልስ የሚሆነውን ነገር ላስረዳ። ጊታር አንገቱ ላይ ፍሬት የተባሉት ቀጫጭን ብረቶች አሉት፤ እነርሱም ኦክታቩን፣ ማለትም አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ክፍል ስለሚከፍሉት፣ ጣት የትም ቢያርፍ ድምፁ የሚወጣው ብረቱ ካለበት ቦታ ነው። ማሲንቆ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ስለዚህ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለው ሥፍራ ሁሉ ለተጫዋቹ ክፍት ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን በፒያኖ ስንመታ ጆሯችን ይቅር ብሎ ያልፈናል፤ አንቺሆዬ ላይ ስንደርስ ግን አዝማሪው የሚይዘው ድምፅና ቁልፉ የሚሰጠው ድምፅ እንደማይገናኙ ይታወቃል። በዚህ ላይ የማሲንቆው ሣጥን ፊት ቆዳ ነው። ቆዳ በእርጥበት ይላላል፣ በሙቀት ይወጠራል፤ ጭራውም እንደዚያው ነው። የእናንተ ማሲንቆ ተጫዋች ከሁለት ዘፈን በኋላ «የሚሸሸው» በከፊል የመድረኩ መብራት ስላሞቀው ነው። በከፊል ደግሞ፣ እርሱን ባላየውም፣ በማሲንቆው ሳይሆን በጉሮሮው እየተቃኘ ስለሚሆን ይመስለኛል። አዝማሪ የሚቃኘው ለገዛ ድምፁ ነው፤ ድምፁ በሌሊቱ ውስጥ ሲወርድ ማሲንቆውን አብሮ ያወርደዋል፤ ይህን ሲያደርግ ማንም አያስተውለውም፤ እርሱ ራሱም ቢጠየቅ አልነካሁትም ሊል ይችላል።

ያን ዕለት ጠዋት ሽማግሌው በአረንጓዴው መብራት ተቃኝተው ተጫወቱ። አንድም ስሕተት አልነበረም። በተባሉበት ገቡ፣ በተባሉበት ወጡ። አዘጋጁ ደስ አለው። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው በጊዜ ያልቃል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጊታር ተጫዋቿ ግን እየጨነቃት ሄደ፤ ፔዳሎቿን መርገጥ ተወች፤ አንድ ጊዜም ቆም ብላ፣ «ጠዋት በር ላይ ሲያንጎራጉሩ የሰማሁት ሰውዬ የት ሄዱ?» አለችኝ። ይህን አልተረጎምኩላቸውም፤ ያስከፋቸዋል ብዬ ነው።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ አዘጋጁና የድምፅ ባለሙያው ወጡ፤ መቅጃ መሣሪያዎቹ ተዘጉ። ሽማግሌው የጾም ቀን ስለነበረና ሰዓቱ ስላልደረሰ አልወጡም። መቃኛውን ከጉልበታቸው አንሥተው በጥንቃቄ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ኮታቸውን አወለቁ፤ ጭራውን ላላ አደረጉት፤ ለራሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ አንቺሆዬ ጀመሩ። ጊታር ተጫዋቿ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ሰማቻቸው። ከዚያም ጊታሯን አንሥታ የክሮቹን መወጠሪያ አንድ በአንድ ወደ ታች ማዞር ጀመረች፤ ክሮቹ ልል ከመሆናቸው የተነሣ ሲነኩ ብረቱን እየመቱ ያንኳኩ ነበር። ይህም እንደማይበቃ ሲገባት ከቦርሳዋ አንድ አጭር የብረት ቱቦ አውጥታ በትንሿ ጣቷ ላይ አጠለቀች። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ያ ቱቦ በክሩ ላይ ሲንሸራተት ፍሬቱን ይሽረዋል። ጣት ብረቱ ላይ ማረፉ ቀርቶ ክሩ ማሲንቆ ላይ እንደሚሆነው በየትኛውም ቦታ ይቆማል። ጊታር ከማሲንቆ ጋር እኩል ነፃ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ይህን ያየሁት የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ድምፁን ፈልጋ አገኘችው፤ ከዚያም አጣችው፤ እንደገና አገኘችው። ሽማግሌው ቀና ሳይሉ አንድን ድምፅ ደጋግመው ያዙላት፤ ልክ ስትደርስበት ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። እያስተማሯት እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ነው። ድራም መቺው ዱላዎቹን አስቀምጦ በመዳፉ መምታት ጀመረ። እኔም ቤዜን አነሣሁ፤ ነገር ግን የእኔ ቤዝ ፍሬት ያለው ስለሆነ ከአንዲት ድምፅ በላይ ለመንካት አልደፈርኩም፤ ያችኑ ብቻ፣ ከታች፣ እንደ በገና ግድግድ እያደረግሁ ቆየሁ። ጊታሩ ቀስ በቀስ ያንን ጩኸቱን መጥራት ሲጀምር ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ገጻቸው ተለወጠ፤ ዜማቸውን ትተው በቀጥታ ወደ ሽለላ ገቡ። ሣጥኑ ሲሳደብ የሰሙት ለካ እንደ ዘራፍ ኖሯል። እርሷ ስታስጮኸው እርሳቸው በቃል ይመልሳሉ፤ እርሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ እርሷ ትሞላዋለች። ስንት ምት እንደሆነ የቈጠረ የለም። ሙዚቃው የሚረዝመው በግጥሙ ልክ ነበር፤ ስንኙ ሲረዝም ምቱ ይጠብቃል፣ ስንኙ ሲያጥር ምቱ ይቀድማል፤ ድራም መቺውም ዓይኑን ከሽማግሌው ከንፈር ላይ አልነቀለም።

ከምሳ የተመለሱት ሰዎች በሩን ሲከፍቱ አለቀ። ሽማግሌው መቃኛውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ መለሱ። ማንም አላዘዛቸውም።

በዝግጅቱ ምሽት የቀረበው የዚያን ቀን ጠዋት የተለማመድነው ነበር። ሰው አጨበጨበ፤ የተቀረጸውም እርሱ ነው፤ በኋላም በሲዲ የወጣውና ይህች ወጣት በአድናቆት የምትሰማው ያው ነው። ማሲንቆውና ጊታሩ በእርግጥ አንድ ሆነዋል፤ አንድ የሆኑት ግን ከሁለቱ አንዱ እንዲጠፋ ስለተደረገ ነው። ጊታር ተጫዋቿ ወደ አገሯ ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ተመልሼ የምሳ ሰዓቱን ሙዚቃ ብቻ እንቀርጻለን አለች፤ ሽማግሌውም «እግዜር ይበለው» አሉ። እርሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ታመው አረፉ። የምሳውን ሙዚቃ የሰማነው አራት ሰዎች ነን፤ ከአራታችን አንዱ ሞቷል፤ ሁለቱ የት እንዳሉ አላውቅም። ሌሎች ብዙ ነገሮች አምልጠውኛል፤ ገንዘብም፣ ጉዞም፣ እውቅናም አምልጦኛል፤ ያ ሳይቀረጽ የቀረው ሙዚቃ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል።

«ማን ለማን ይቃኝ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲቋቋም መሥራቹ ሀሊም ኤል-ዳብ የተባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ያንን ድምፅ በመሣሪያ እየለወጠ አዲስ ሥራ የሠራ፣ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከቀደምቶቹ የሚቈጠር ሰው ነው። እንዲህ ያለ የሙከራ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ያደረገው ነገር የምዕራባውያንን መሣሪያ ማምጣት አልነበረም፤ በየአካባቢያቸው ለየብቻ ይጫወቱ የነበሩትን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ሌሎቹንም አንድ መድረክ ላይ አስቀመጣቸው። ያን ጊዜ ነው የመቃኘት ጥያቄ በሰፊው የተነሣው። ክራር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲኬድ ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ፤ ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ አይለወጥም፤ ለዚህም ነው ዋሽንት ነፊዎች በርዝመት የሚለያዩ ብዙ ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት። በአንድ ስብስብ ውስጥ መለወጥ የማይችለው መሣሪያ ካለ የሚችሉት ወደ እርሱ ይሄዳሉ፤ ደንቡ ይህ ነው። በኤሌክትሪክ መሣሪያ ዘመን በዚሁ ደንብ፣ ከሁሉ በላይ ነፃ የሆነው ማሲንቆ ከሁሉ በላይ ግትር ወደሆነው ኪቦርድ እንዲሄድ ተፈረደበት። መንቀሳቀስ የሚችል ይንቀሳቀስ ከተባለ ፍርዱ ትክክል ነው፤ ሙዚቃው ግን የሚኖረው በዚያ በሚንቀሳቀሰው ውስጥ ነበር።

የተሳካ ምሳሌ ፈልጉ ካላችሁኝ፣ የጌታቸው መኩሪያን እነግራችኋለሁ። ጌታቸው ሽለላን ከአፍ አውጥቶ ወደ ሳክስፎን ያስገባ ሰው ነው፤ ይህን ያደረገውም አውሮፓ ውስጥ ነፃ ጃዝ የሚባለው ነገር ስም ሳያወጣ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፐንክ ቡድን 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደ አምስተርዳም ጋበዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አብረው አልበም አወጡ፤ ከዚያም በብዙ መድረኮች አብረው ተጫወቱ። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት የተሻገረ ሰው ነበር። ሥራዎቹን ስትሰሙ ልብ በሉ፤ ሽማግሌው ወደ ፐንክ አልሄደም። ጊታሮቹ ናቸው በሽለላው ምት ውስጥ ገብተው ቦታ የያዙት፤ ሻካራው ድምፃቸውም ለዘራፉ የተመቸ ሆነ። ሳክስፎን ቁልፍ ያለው መሣሪያ ነው እንጂ እንደ ማሲንቆ ነፃ አይደለም ብትሉኝ ትክክል ናችሁ፤ ነገር ግን ሳክስፎን በከንፈር ይታጠፋል፤ ጌታቸውም እስኪያለቅስ ድረስ ያጥፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፍ ያ ነገር አብሮት አልተቀበረም፤ ቢያንስ ተቀርጿል።

ስለ እናንተ ትውልድ የማስበውንም ልደብቅ አልፈልግም። የፔዳል ስም በቃላችሁ የምታውቁትን ያህል የቅኝት ልዩነት አታውቁም። «ፊውዥን» የሚሉትን የሙዚቃ ስልቶች ቅልቅል መሣሪያችሁን ሳትለምዱ ትጀምሩታላችሁ፤ ማሲንቆ ወይም ክራር በመጨረሻ ላይ እንደ በርበሬ ይነሰነስበታል። ፊልም ሊቀረጽ ሲል የባህል ልብስ አልብሳችሁ ከፊት ታስቀምጡታላችሁ፤ ድምፁን ስታቀነባብሩ ከኋላ ታስቀሩታላችሁ። በሌላ በኩል፣ ኖታ በማንበብና በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ በመቅረጽ እኛን በብዙ ትበልጣላችሁ፤ እኛ ያጣነው የመቅጃ መሣሪያ በኪሳችሁ ነው። እኔ በዚያ የምሳ ሰዓት ያ የስልካችሁ ቁልፍ ቢኖረኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

እኛ ፍጹማን ነበርን ማለቴም አይደለም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበር የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሌሊቱን መውጣት አይችልም፤ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሙዚቀኛነትን የተማርኩት እዚያ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ሰው የሚጠይቀውን እንጫወታለን፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጭፈራው ሲደክምና ግማሹ ሰው ወንበር ላይ ሲተኛ ግን ማንም የማይጠይቀንን እንሞክራለን፤ ኦርጋን ተጫዋቹ ቃጭል የመሰለ ድምፅ ይፈልጋል፣ ጊታሩ ክራር ለመምሰል ክሮቹን በመዳፉ ያፍናል፣ ከበሮው ችክችካውን ገልብጦ ይመታል። በዘመኑ ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድም ሆነ ሌሎቹ ያንን የጠበቀ አጨዋወት ያዳበሩት በእንዲህ ያሉ ረጃጅም ሌሊቶች ይመስለኛል። የዋሊያስ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ብቻውን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶች ጋር አጣምሮ የሠራውን ሲሰማ ብዙ የውጭ ሰው ይገረማል፤ እኔ ግን የነዚያ ሌሊቶች የመጨረሻ ሰዓት ትዝ ይለኛል። ይህን ያነሣሁት ሰዓት እላፊን ለማመስገን አይደለም። ሙከራ የሚያስፈልገው ማንም የማይጠብቅባችሁ ጊዜ መሆኑን ለመናገር ነው፤ የእናንተ ልምምድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቪዲዮ ይለቀቃል።

እስካሁን ባልኩት ውስጥ የሚጋጭ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። መጀመሪያ ቅኝቱን እወቁ፣ የቆየውን ሳታውቁ አትቀላቅሉ እላለሁ፤ ያን ቀን ሽማግሌውን ከሁላችን በላይ የሰማቻቸው ግን የቅኝቶቹን ስም እንኳ የማታውቅ ሴት ነበረች። እኔ ስማቸውን ሁሉ ስለማውቅ ከአንቺሆዬ ውስጥ የምሰማው የማውቀውን ብቻ ነበር፤ እርሷ የምትሰማው ያለውን ነው። ከዚህ ተነሥቼ አትማሩ ልበላችሁ? አልልም። እርሷም ቢሆን የጊታርን ጩኸት ለመግራት ብዙ ዓመት ደክማ ነው የመጣችው፤ ጆሮዋ የተሳለው በሌላ ሞረድ ይሁን እንጂ ተስሏል። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም፤ ደግሞም ከጥቂት ወራት በኋላ ፍሬት የሌለው ቤዝ አፈላልጌ ገዝቼ እንደገና እንደ ጀማሪ የተማርኩት እርሷን አይቼ እንጂ ከማውቀው ተነሥቼ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፤ እዚህ ላይ በቀጥታ አንቺን ነው የማናግረው። ማሲንቆ ተጫዋቹን ስልኩን እንዲያስቀምጥ ንገሪው። መጀመሪያ ለድምፁ ይቃኝ፤ አንቺ ጊታርሽን ለእርሱ ቃኚ። የእርሱ ድምፅ ከመደበኛው ዝቅ ካለ ክሮችሽን ዝቅ አድርጊ፤ ብዙ የምታወርጂ ከሆነ ወፈር ያለ ክር ግዢ፤ አለበለዚያ እንደዚያች ሴት ጊታር ያንኳኳብሻል። ቤዙ ቢቻል ፍሬት የሌለው ይሁን፤ ካልተገኘ ጥቂት ድምፅ ይንካ። ኪቦርድ እንዳታስገቡ አልልም፤ አንቺሆዬ ላይ ግን ኮርድ፣ ማለትም በአንዴ የሚመቱ ድምፆች፣ አይያዝ። የብረት ቱቦውን ተማሪው፤ እጅሽ እስኪለምደው ያስጠላሻል። በዘፈኖቹ መካከል እርሱ እንደገና እስኪቃኝ ሰው ይጠብቅ፤ ያ ዝምታ አያሳፍርም፤ አዝማሪ ቤት ውስጥ ማሲንቆ ሲቃኝ መስማት የጨዋታው አካል ነው። ፒክአፕ፣ ማለትም ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወስድ ትንሽ መሣሪያ፣ ማሲንቆው ላይ ከለጠፋችሁ ሣጥኑ ከአምፕሊፋየሩ ፊት ለፊት አይሁን፤ ቆዳው ድምፁን መልሶ ይይዝና ሳትጠሩት ይጮሃል። ምቱን በተመለከተ፣ ድራም መቺሽ በሜትሮኖም፣ በዚያ ምት ቈጣሪ መሣሪያ፣ መለማመዱን አይተው፤ እኔም ለዓመታት የተለማመድኩት በእርሱ ነው፤ ከአዝማሪው ጋር ሲቀመጥ ግን ቈጠራውን ትቶ ስንኙን ይከተል። ሰውየው «ተቀበል!» ሲል ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ተቀባይ የሌለው ግጥም መድረክ ላይ ይሞታል።

አንድ ሌላም አለ። የጠቀስሽው ሲዲ ሽፋን ላይ የጊታር ተጫዋቿም፣ የድራም መቺውም፣ የእኔም ስም አለ፤ የሽማግሌው ቦታ ላይ «የባህል መሣሪያ» ተብሎ ታልፏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት በግልጽ ደንግጓል፤ ሥራውን የከወነው ሰው ማሲንቆ ይያዝ ጊታር ይያዝ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ገቢው እንዴት እንደሚከፈል፣ የዜማና የግጥሙ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ በተለይ መድረክ ላይ በቅጽበት የሚፈጥረው ግጥም የማን እንደሚሆን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁላችሁም ፈርሙ፤ ማንበብ የማይችል ካለ የሚያምነው ሰው መጥቶ ያንብብለት። የመጀመሪያውን ልምምድ ስትጨርሱ ቅጂውን ላኪልኝ፤ ከምሳ በፊት ያለውንም ከምሳ በኋላ ያለውንም።